ከእምቢታው ደብዳቤ በኋላ፦ ወደ ሕክምና ትምህርት የሚወስደው ሁለተኛ መንገድና ዋጋው

የዛሬው ጉዳይ በብዙ ቤት ያለ፣ ነገር ግን በሠርግም በለቅሶም ቤት የማይነሣ ነው። በዋሺንግተን ዙሪያ፣ በሲያትል፣ በአትላንታ፣ በሚኒያፖሊስ የሚኖር የሐበሻ ቤተሰብ ልጁ ሜዲካል ስኩል ሲገባ ድግስ ደግሶ ወዳጅ ዘመድ ይጠራል። ልጁ አመልክቶ ሳይሳካለት ሲቀር ግን ነገሩ በር ተዘግቶ ያልፋል፤ ሰው ሲጠይቅም «ትንሽ ልረፍ ብሎ ነው» ይባላል። ይህ ዝምታ ሁለት ዓይነት ጥፋት ያመጣል። አንዳንዱ ልጅ ሊሠራው ይችል የነበረውን ሙያ ያለ በቂ ምክንያት እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። አንዳንዱ ቤተሰብ ደግሞ በድንጋጤ ተገፋፍቶ፣ ልጁ ለገጠመው ችግር መፍትሔ ላልሆነ ፕሮግራም ብዙ ሺህ ዶላር ይከፍላል። ዛሬ የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው። የእምቢታው ደብዳቤ የሚናገረው በአንድ ዓመት ውስጥ ስለቀረበ አንድ ማመልከቻ ነው፤ ልጁ ሐኪም ለመሆን ይችላል ወይስ አይችልም ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ከደብዳቤው በኋላ የሚቀድመው ሥራ ለምን እንዳልተቀበሉት መመርመር ነው። ፖስት-ባክ የሚባለው፣ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ለሕክምና ትምህርት የሚያዘጋጀው መንገድ፣ ለአንዳንዱ ምክንያት ፍቱን ነው፤ ለሌላው ግን ገንዘብና ዕድሜ ከመብላት በቀር የሚፈይደው የለም።

በቅድሚያ ቁጥሩን እንየው። ዓ.ም. ካልኩባቸው በቀር ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው። የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጆች ማኅበር እንደሚያሳውቀው በ2023 ትምህርት ለመጀመር ኤምዲ ለሚሰጡት ሜዲካል ስኩሎች 52,577 ሰዎች አመልክተው የገቡት 22,981 ናቸው። ከመቶው 44 እንኳ አይሞሉም። በ2021 በወረርሽኙ ጊዜ ደግሞ 62,443 አመልክተው 22,666 ብቻ ገብተዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 30 ሺህ፣ አንዳንዴም ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ሰው ወንበር ሳያገኝ ይቀራል ማለት ነው። እዚሁ ዋሺንግተን ያሉት ጆርጅታውንና ጆርጅ ዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዳቸው በየዓመቱ ከ10 ሺህ በላይ ማመልከቻ ሲደርሳቸው፣ ለመጀመሪያ ዓመት የሚቀበሉት ከ200 ብዙም የማይርቅ ተማሪ ነው። የሚያመለክተውም ሰው ሰነፍ አይደለም። የገቡት አማካይ ጂፒኤ 3.77 ሲሆን፣ ከ472 እስከ 528 በሚሰጠው፣ ኤምካት በተባለው የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና ያመጡት አማካይ ውጤት ከ511 በላይ ነው፤ የአመልካቾች ሁሉ አማካይ ጂፒኤ እንኳ ከ3.6 በላይ ነው። ልጃችሁ የተወዳደረው በየኮሌጁ ከፊት ወንበር ከሚቀመጡት ጋር ነው። በእንዲህ ያለ ውድድር አለመመረጥ ያሳዝናል፤ የሚያሳፍርበት ምክንያት ግን አይታየኝም።

ወላጆች ይህን ለመቀበል የሚቸገሩት ካደጉበት ሥርዓት የተነሣ ይመስለኛል። አገር ቤት የሕክምና ትምህርት ይጀመር የነበረው ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ቀጥሎ ነው። በመካከል የነበረው ድልድይ አንድ ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ ያም ፈተና ምን ያህል ጨካኝ ሊሆን እንደሚችል በ2014 ዓ.ም. አይተናል፤ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ቁጥር ነበር፣ ምደባው የመንግሥት ነበር፣ ይግባኝ አልነበረውም። በዚህ ሥርዓት ያለፈ አባት የልጁን የእምቢታ ደብዳቤ እንደ ማትሪክ ውጤት ቢያነበው አይፈረድበትም። የአሜሪካው አሠራር ግን ሌላ ነው። ኮሚቴ ተቀምጦ ጂፒኤውንና ኤምካቱን ብቻ ሳይሆን ልጁ የጻፈውን፣ መምህራን የጻፉለትን፣ በሕሙማን አጠገብ ያሳለፈውን ሰዓት፣ የሚኖርበትን ስቴት፣ ትምህርት ቤቱ ከቆመለት ዓላማ ጋር መስማማቱን ይመዝናል። ደግሞም በሩ አንዴ ተዘግቶ አይቀርም። በየዓመቱ ከሚያመለክቱት አራት ሰዎች አንዱ ገደማ ከዚያ በፊት አመልክቶ ያልተሳካለት ነው። ለነገሩ ኢትዮጵያም ራሷ በ2004 ዓ.ም. በጀመረችው አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር፣ በሳይንስና በጤና ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ የያዙ ሰዎች እንደገና ገብተው ሐኪም እንዲሆኑ መንገድ ከፍታለች። በሃያ አምስት ዓመት የሕክምና ትምህርት መጀመር ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም።

«ኮሚቴው አይቶ ካልመረጠው፣ አይችልም ማለት አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ ታሪክ ራሱ ያዘጋጀው አንድ መልስ አለ። በ1979 በሂውስተን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ስኩል የዓመቱን ምርጫ ጨርሶ ነበር። ወደ 800 ሰዎች ቃለ መጠይቅ ተደርጎላቸው፣ በደረጃ ተደርድረው፣ 150ው ተመርጠዋል፤ የተመረጡትም ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ 350 ውስጥ ነበሩ። ምርጫው ካለቀ በኋላ የስቴቱ ምክር ቤት ትምህርት ቤቱ 50 ተማሪ እንዲጨምር በሕግ አዘዘ። በዚያ ሰዓት በጥሩ ደረጃ ላይ የነበሩት ሁሉ ሌላ ቦታ ገብተው ስለነበር የቀሩት ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ከ700 እስከ 800 ባለው ደረጃ ያሉት ናቸው። ሌላ ምርጫ ስላልነበረ እነርሱ ተጠርተው ገቡ። ከዓመታት በኋላ ሁለቱ ወገኖች ሲነጻጸሩ፣ በሜዲካል ስኩል ውጤትም፣ በምረቃም፣ ከምረቃ በኋላ ባለው የሬዚደንሲ ሥልጠና በመጀመሪያው ዓመት በተሰጣቸው ግምገማም ልዩነት የሚባል ነገር አልተገኘም። ጥናቱ በ1987 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹን የትም አልፈለጓቸውም ነበር። ሕግ አውጪዎቹ ያን ዓመት ዝም ቢሉ ኖሮ፣ ዛሬ እንደምናያቸው ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ሌላ ሥራ ይፈልጉ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ግን ያላስተማረውን እንዳንማር እፈራለሁ። ሂውስተን ላይ የተነጻጸሩት ሁሉ ለቃለ መጠይቅ የተጠሩ ናቸው፤ ማለትም በትምህርት ውጤታቸው አንድ ማጣሪያ ያለፉ ናቸው። ስለዚህ ጥናቱ «ውጤት ዋጋ የለውም» አላለም። ያለው፣ ብቁ ከሆኑት መካከል የተሻለውን ለመለየት የሚደረገው የመጨረሻ ምርጫ ስለ ወደፊቱ ሐኪም የሚነግረን ጥቂት መሆኑን ነው። እዚህ ላይ በተጠሩትና ባልተጠሩት መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። አምስት ቦታ ቃለ መጠይቅ ተደርጎለት ያልገባ ልጅ በወረቀት አልወደቀም፤ ለእርሱ ሌላ ዲግሪ ማስያዝ ያልታመመን አካል ማከም ነው። እርሱ የሚያስፈልገው የቃለ መጠይቅ ልምምድ፣ ምናልባትም በጊዜ ቀድሞ ማመልከት ነው። ከ25 ትምህርት ቤት አንድም ቃለ መጠይቅ ያላገኘ ልጅ ግን ችግሩ ከወረቀቱ ውስጥ ነው፤ ጥያቄው ከየትኛው ገጽ ነው የሚለው ይሆናል።

ስለዚህ ገጽ በገጽ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። የማመልከቻው ሥርዓት በሜይ ወር መጀመሪያ ይከፈታል፣ በወሩ መጨረሻ መላክ ይጀመራል፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ፋይሉ እንደደረሳቸው እያነበቡ ይጠራሉ። በሴፕቴምበር ኤምካት ተፈትኖ በኦክቶበር ፋይሉ የተሟላ ልጅ፣ ብዙው ወንበር ለሌሎች ከተሰጠ በኋላ ነው የተነበበው። ይህ ልጅ ያለው ጉድለት የቀን መቁጠሪያ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የትምህርት ቤቶቹ ዝርዝር ነው። የስቴት ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው ለራሳቸው ነዋሪ ያደላሉ፤ የሜሪላንድ ነዋሪ በባልቲሞር ያለውን የስቴቱን ሜዲካል ስኩል ትቶ ስማቸው ለገነነው ብቻ ቢልክ፣ ወይም የቴክሳስ ነዋሪ ያልሆነ ሰው የቴክሳስን ትምህርት ቤቶች ቢደረድር፣ የማመልከቻ ክፍያውን ከማባከን በላይ አላደረገም። ሦስተኛው ከሕሙማን ጋር የተደረገ ቆይታ ነው። በላቦራቶሪ ሦስት ዓመት የሠራ፣ ጽሑፍ ያሳተመ፣ ነገር ግን የሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ የማያውቅ ልጅ ኮሚቴው «ሐኪም ለምን ትሆናለህ?» ብሎ ሲጠይቀው የሚመልሰው ከመጽሐፍ ነው። በድንገተኛ ክፍል ስክራይብ (የሐኪም ጸሐፊ) ሆኖ መሥራት፣ በነርሲንግ ሆም መርዳት፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ሕሙማን ሥልጠና ወስዶ ማስተርጎም ይህን ይሞላል፤ አብዛኛው ደግሞ የሚያስከፍል ሳይሆን የሚከፈልበት ነው። አራተኛው ኤምካት ነው። ጂፒኤው 3.8 ሆኖ ኤምካቱ 500 የሆነ ልጅ ፖስት-ባክ አያስፈልገውም፤ ጥቂት ወራት በሥርዓት አጥንቶ ድጋሚ መፈተን ነው ያለበት፤ እርሱም በግብታዊነት አይደረግም፤ ምክንያቱም በአንድ ዓመት ከሦስት ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ከሰባት ጊዜ በላይ መፈተን አይፈቀድም፣ የቀደመውም ውጤት ከትምህርት ቤቶቹ ዓይን አይሰወርም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሲጠየቁ ለምን እንዳልተቀበሉት ለአመልካቹ በስልክ ወይም በጽሑፍ ያስረዳሉ። ይህን የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው፤ ብዙውን እፍረት ይይዘዋል።

እንግዲህ የቀረው የኮሌጅ ውጤት ነው፤ ፖስት-ባክ የተፈጠረውም ለዚህ ነው። ሁለት ዓይነት ተማሪ ይመጣበታል። አንደኛው በኮሌጅ ሌላ ነገር ያጠና፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ታሪክ፣ በኋላ ወደ ሕክምና ልቡ ያዘነበለ፣ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ኮርሶችን ጨርሶ ያልወሰደ ነው። በባልቲሞር አቅራቢያ ያለው ጋውቸር ኮሌጅና በፔንሲልቬንያ ያለው ብሪን ማር የታወቁበት ፕሮግራም ለዚህ ዓይነቱ ነው፤ ኮርሶቹን ወስዶ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ተማሪ እነርሱን ቢጠይቅ አይቀበሉትም። ሁለተኛው ኮርሶቹን ወስዶ ውጤቱ ያልቀናው ነው፤ በመካከላችን የሚበዛው ይኸኛው ነው። ቤተሰብ ለመርዳት በሳምንት 30 ሰዓት እየሠራ፣ ወይም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ኮሌጅ ምን እንደሚጠይቅ ሳይገባው፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ ሲ ያገኘ ልጅ። ለእርሱ ተጨማሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ኮርሶች መውሰድ፣ ወይም ልዩ የማስተርስ ፕሮግራም የሚባለውን፣ የሜዲካል ስኩልን የአንደኛ ዓመት ትምህርት የሚመስለውን መግባት ይቻላል። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ልዩነታቸውን ሳያውቁ የሚመዘገቡ ብዙ ናቸው።

ልዩነቱ ከስሌት ይጀምራል፤ ቀስ ብለን እንየው። አንድ ተማሪ 120 ክሬዲት ወስዶ በ3.2 ጂፒኤ ተመረቀ እንበል። ከዚያ በኋላ 30 ክሬዲት የመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ የሳይንስ ኮርስ ወስዶ በሁሉም ኤ አመጣ። አጠቃላይ ጂፒኤው 3.36 ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ዓመት እንከን የሌለው ሥራ 0.16 ብቻ ከፍ አደረገው። ይህን ስትሰሙ ተስፋ የምትቆርጡ አትጠፉም። ነገር ግን ማመልከቻው የሳይንስ ጂፒኤን ለብቻው ያሰላል። ያው ልጅ በሳይንስ 50 ክሬዲት በ3.0 ይዞ ከነበረ፣ ከ30ው ክሬዲት በኋላ 3.375 ይደርሳል። ከዚህም በላይ ከዲግሪ በኋላ የተወሰዱት ኮርሶች በራሳቸው መስመር ተለይተው ስለሚታዩ፣ ፋይሉን የሚያነበው ሰው ያለፈው ዓመት 4.0 እንደሆነ በግልጽ ያያል። የማስተርስ ውጤት ግን ከመጀመሪያ ዲግሪው ጂፒኤ ጋር አይደመርም፤ ለብቻው ይቀመጣል። ስለዚህ ጂፒኤው 2.9 የሆነ ልጅ ማስተርስ ቢይዝ 2.9ኙ እዚያው ነው ያለው፤ በማጣሪያ የሚጥሉት ትምህርት ቤቶች ይጥሉታል። ድሮ ዲኦ የተባለውን ሌላውን የሐኪም ዲግሪ የሚሰጡት የኦስቲዮፓቲ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ ድጋሚ የተወሰደ ኮርስ የቀድሞውን ውጤት እንዲተካ ይፈቅድ ነበር፤ ከ2017 ጀምሮ ግን ያ ቀርቷል። አሁንም «ኮርሱን ድገመው፣ የድሮው ይሰረዛል» የሚል ምክር የሚሰጥ ሰው ካጋጠማችሁ ምክሩ ያረጀ ነው።

ታዲያ ይሠራል ወይ? አለን ከምንለው ማስረጃ ጠንካራው በ2006 በዚያው በጃማ የወጣው ጥናት ነው። አምስት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ስኩሎች ለአናሳ ማኅበረሰብና በኑሮ ለተጎዱ ቤተሰብ ልጆች በሚሰጡት ፖስት-ባክ፣ አብዛኞቹ ቀድመው አመልክተው ያልተሳካላቸው ተማሪዎች ይገቡ ነበር። ከ1999 እስከ 2002 በገቡት ላይ ክትትል ሲደረግ፣ በ2005 ከመካከላቸው 67.6 በመቶው ሜዲካል ስኩል ገብተው ተገኙ። ወደ ፕሮግራሞቹ አመልክተው ሳይሳተፉ ከቀሩት መካከል የገቡት 22.5 በመቶ ናቸው። ጠንቃቃ አድማጭ «ፕሮግራሙ መጀመሪያውኑ የተሻሉትን መርጦ ቢሆንስ?» ማለቱ ተገቢ ነው። አጥኚዎቹም ይህን አስበው የሁለቱን ወገን የመነሻ ውጤት አገናዝበው አስልተውታል፤ ልዩነቱ አልጠፋም። ቢሆንም ጥያቄው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ጽናትና የቤተሰብ ድጋፍ በጂፒኤ አይለካም። እኔ ከዚህ ጥናት የምወስደው፣ የእነዚያ ፕሮግራሞች ይዘት ከኮርስ በላይ መሆኑን ነው። የኤምካት ዝግጅት፣ የማመልከቻ ጽሑፍ እርማት፣ የቃለ መጠይቅ ልምምድ፣ ተማሪውን በስሙ የሚያውቅ አማካሪ ነበራቸው። ፖስት-ባክ የሚል ስም የለጠፈ ሁሉ ይህን አይሰጥም። አንዳንዱ ኮርስ ሸጦ ያሰናብታል። ከመመዝገባችሁ በፊት ስንት ሰው እንደገባ፣ ከገቡት ስንቱ ሜዲካል ስኩል እንደደረሰ፣ አቋርጠው የወጡት በስሌቱ ውስጥ ተቆጥረው እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልስ የሚያድበሰብስ ፕሮግራም ገንዘባችሁ አይገባውም።

ስለ ገንዘብ ካነሣን፣ ልዩ የማስተርስ ፕሮግራም ለአንድ ዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። አደጋውም ገንዘብ ብቻ አይደለም። ተማሪው ከሜዲካል ተማሪዎች ጋር በአንድ ፈተና እየተመዘነ ቢ ማይነስ ቢያመጣ፣ «የሕክምና ትምህርት አይሆንለትም» ለሚሉት ማስረጃ ራሱ አቀረበ ማለት ነው። ስለዚህ የማጥናት ዘዴው ሳይቃና፣ ሥራውን ሳይቀንስ፣ ቤት ውስጥ ያለው ሸክም ሳይቃለል ወደዚህ መግባት የለበትም። ደግሞም በጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ የመንግሥትን የትምህርት ብድር ለውጦታል። ግራድ ፕላስ የተባለው ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ይቀራል፤ የማስተርስ ተማሪ በዓመት 20,500 ዶላር፣ የሕክምና ተማሪ በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ዶላር ጣሪያ ተደርጎበታል። የብዙ ሜዲካል ስኩሎች የአራት ዓመት ወጪ ከዚህ ጣሪያ ይበልጣል። በዚህ ሁኔታ ቤት አስይዞ ለማስተርስ መበደር የኋላውን ዋናውን ወጪ የሚፈታተን ነው። ለብዙው ልጅ የሚሻለው በሚኖርበት ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ በነዋሪ ዋጋ፣ በማታ ክፍለ ጊዜ ከፍተኛ የሳይንስ ኮርሶችን እየመረጠ መውሰድ ነው፤ ኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ ቀን ለሚሠሩ ሰዎች የማታ የሳይንስ ፕሮግራም አለው። ስም የለውም፣ ለዘመድ አይወራም፤ በማመልከቻው ላይ ግን ኤ ያው ኤ ነው።

ሌላም በር አለ፤ እኛ ዘንድ በስሙ ብቻ የተናቀ። በአሜሪካ ሐኪም የሚባለው ኤምዲ ወይም ዲኦ የያዘ ነው። የኦስቲዮፓቲ ትምህርት በ1892 በሚዙሪ ተጀመረ፤ ዛሬ ዲኦ ያለው ሐኪም በሃምሳውም ስቴት መድኃኒት ያዝዛል፣ ቀዶ ጥገና ያደርጋል፣ የሬዚደንሲ ሥልጠናውም ከ2020 ጀምሮ ከኤምዲዎቹ ጋር በአንድ ሥርዓት ሥር ሆኗል። በ2024 ለሬዚደንሲ በተደረገው ምደባ፣ የኤምዲ ተመራቂዎች 93.5 በመቶ፣ የዲኦ ተመራቂዎች 92.3 በመቶ ቦታ አግኝተዋል። በአንዳንድ ከፍተኛ ፉክክር ባለባቸው ስፔሻሊቲዎች ዲኦ ይቸገራል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ነገር ግን ልጁ የውስጥ ደዌ፣ የሕፃናት፣ የቤተሰብ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ከሆነ፣ «ዲኦ ምንድን ነው? ለሰው ምን እላለሁ?» ብሎ ማስተው ያሳዝናል። በካሪቢያን ደሴቶች ያሉትን ትምህርት ቤቶች በተመለከተ ግን ለመምከር እቸገራለሁ። ከውጭ አገር የተመረቁ የአሜሪካ ዜጎች በዚያው በ2024 ቦታ ያገኙት 67 በመቶ ናቸው፤ በዚህ ስሌት ውስጥ ደግሞ በመንገድ የቀሩት፣ ክፍያ ከፍለው ሳይመረቁ የተመለሱት አልተቆጠሩም። ከዚያ ተመርቀው ጎበዝ ሐኪም የሆኑ አሉ። ቢሆንም በእምቢታው ሰሞን፣ «ወዲያውኑ እንቀበልሃለን» የሚል ኢሜይል ሲመጣ መፈረም ትክክል አይደለም። ልጅን ወደ አገር ቤት ልኮ ሕክምና ማስተማር የሚያስቡ ወላጆችም ይህንኑ ቁጥር ይመልከቱ፤ ልጁ ሲመለስ የሚሰለፈው በዚያው ረድፍ ነው።

«ዕድሜውስ?» ይላሉ እናቶች፤ ጥያቄው ከፍቅር የመነጨ ነው። ሜዲካል ስኩል አራት ዓመት፣ ሬዚደንሲ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት። ግን አሁን ከሚገቡት ተማሪዎች አብዛኞቹ ከኮሌጅ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ያሳለፉ ናቸው፤ በቀጥታ የሚገባው በቁጥር ያነሰ ሆኗል። ሁለት ዓመት ዘግይቶ የጀመረ ሰው እንደ እኩዮቹ ነው። ዓመታቱን የሚያባክነው መዘግየቱ ሳይሆን ያንኑ ማመልከቻ ሳይለውጡ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ መላክ ነው። ይህ በተደጋጋሚ የሚሠራ ስሕተት ነው፤ ልጁ ሰኔ ላይ ተናድዶ ያንኑ ጽሑፍ፣ ያንኑ ኤምካት፣ ያንኑ የትምህርት ቤት ዝርዝር ይልካል፤ መልሱም ያው ይሆናል። አንድ ዓመት ዘሎ በሁለተኛው ዓመት የተለወጠ ፋይል ማቅረብ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ መቼ ይበቃል የሚለው ነው። የተስፋ ንግግር ብቻ አድርጌ ብሄድ በደል ነው። በሁለት የተለያዩ ማመልከቻዎች፣ በመካከላቸው እውነተኛ ለውጥ ተደርጎ፣ አንድም ቃለ መጠይቅ ካልመጣ፤ ወይም በደንብ ተጠንቶ የተወሰደው ፖስት-ባክ ራሱ ቢና ሲ ካስገኘ፤ ወይም ልጁ ራሱ በልቡ ከወላጁ ፍላጎት በቀር ሌላ ምክንያት ካላገኘበት፣ መቆም ብልህነት ነው። ፊዚሺያን አሲስታንት፣ ነርስ ፕራክቲሽነር፣ ፋርማሲ፣ የኅብረተሰብ ጤና፣ የሕክምና ምርምር የተሸናፊ ማረፊያ አይደሉም፤ የራሳቸው መግቢያና የራሳቸው ፉክክር ያላቸው ሙያዎች ናቸው። እነርሱንም የሚመርጥ ልጅ ሙያውን ራሱን ፈልጎት መሆን አለበት፤ በኩርፊያ የተያዘ ሥራ ለሕመምተኛውም አይበጅም። አገሪቱ ሐኪም ትሻለች፤ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በ2024 ባወጣው ትንበያ በ2036 እስከ 86 ሺህ ሐኪም ሊጎድል ይችላል ብሏል። ይህ ጉድለት ግን ለእያንዳንዱ አመልካች ዋስትና አይሆንም፤ ወንበሩ የተወሰነ ነውና።

በመጨረሻ ወደ ቤት ልመለስ፤ ምርመራው የሚቻለው የልጁ ልብ ሲረጋ ነውና። ደብዳቤው በመጣበት ሰሞን ዕቅድ አይወጣም። ልጁ ከ15 ዓመቱ ጀምሮ «ዶክተሩ» እየተባለ ሲጠራ አድጓል፤ ያ ስም ሲወድቅበት ሐዘን ነው የሚሆንበት፤ ሐዘን ደግሞ እንደሚገባው ይለቀስ። ጥቂት ሳምንት ስለ ማመልከቻ አታንሡበት፤ ከአክስቱ ልጅ ጋር አታወዳድሩት፤ ለጎረቤት ምን እንደምትሉ እርሱ ፊት አትመካከሩ። እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ ትቶ፣ ከሰው ተለይቶ ከሰነበተ፣ ወይም «መኖሬ ምን ይጠቅማል» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ፣ ጸሎቱ እንዳለ ሆኖ በዚያው ቀን የባለሙያ እርዳታ ጠይቁ፤ 988 በተባለው የቀውስ ጊዜ የእርዳታ መስመር ላይ በማንኛውም ሰዓት መደወል ይቻላል። ተማሪዎችም ለወላጆቻችሁ እውነቱን ንገሩ። የት እንዳመለከታችሁ፣ ውጤታችሁ ስንት እንደሆነ ሳታሳውቁ እንዲረዷችሁ መጠበቅ አይቻልም።

እዚህ የተቀመጣችሁ ሐኪሞች፤ ከመካከላችሁ አንዴ ሳይሳካላችሁ ቀርቶ እንደገና ያመለከታችሁ ካላችሁ በአደባባይ ተናገሩ፤ ያ ለአንድ ልጅ የሚጠቅመውን ያህል የእኔ ንግግር አይጠቅምም። ሌላው የምለምናችሁ ቀላል ነው። የሚቀጥለው ማመልከቻ በሜይ ይከፈታል። ከዚያ በፊት ጽሑፍ የሚያርም፣ ለአንድ ሰዓት ተቀምጦ የቃለ መጠይቅ ጥያቄ የሚጠይቅ፣ ቅዳሜ በክሊኒኩ ልጁን አስከትሎ የሚውል ሰው ያስፈልጋል። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁንና ስልካችሁን ቢያንስ ለአንድ ተማሪ ስጡ።